ያድናል

አጎቴ አራጋው፣ የአይሱዙ ሹፌር፣
የሀረጎን ጥምዝ በጉም የሚቆጥር፣
ሳይፈትሽ ፍሬኑን፣ ሳይነካ ጎማውን፣
ለእናቱም ቢሆን የማይዘውር መሪውን፣
ያ ጠርጣራ ሰው፣
አንድ ደቂቃ ተኩል ቪዲዮ ጣለው።

ሰውዬው ነጭ ጋውን ለብሷል፣ አንገቱ ላይ ደግሞ
ማዳመጫ አንጠልጥሏል፣ ዞሮና ተጣሞ።
ከኋላው መጻሕፍት፣ ከፊቱ ጠርሙስ፣
ድምፁ እንደ ማር ወለላ ቀስ እያለ ሲፈስ፦
«ስኳር በሽታዎን በሃያ አንድ ቀን
ከሥሩ የሚነቅል ዱቄት አገኘን፤
ሐኪም ቤት አይነግርዎ፣ ገበያው እንዳይሞትበት፤
ቅናሹ ዛሬ ብቻ ነው፣ አባቴ፣ ይፍጠኑበት!»

በቴሌብር ላከ፣ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ፤
ብልቃጡ በአውቶቡስ፣ በረዳት እጅ መጥቶ፣
በለብ ያለ ውሃ ጠዋት ጠዋት በጠበጠ፤
የሐኪሙን ክኒን ለዳሽቦርዱ ሰጠ።
በሦስተኛው ሳምንት ሽንቱ እያስቆመው ጉዞው ተጓተተ፤
ሀረጎ አጋማሽ ላይ፣ ዓይኑ ብዥ ብሎ፣ መታጠፊያ ሳተ።
ድንጋይ ያዘው እንጂ፣ ድንጋይ ባይኖርማ…

እኔ ሸዋበር ላይ መድኃኒት አዳይ ነኝ።
ብልቃጡን ይዞ መጣ፤ አዙሬ አዙሬ አየሁኝ።
የተመረተበት ቀን የለውም፤ የሚያበቃበትም፤
መለያ ቁጥር የለው፤ የሠራው አይታወቅም።
«መዳኒት» ይላል ጀርባው፣ ፊደል አንሶት።
«መቶ በመቶ ተፈጥሮ» ይላል ከላዩ ላይ፤
የእባብ መርዝም ተፈጥሮ ነው፣ ልጠጣው ወይ?

ምስክሮቹን አየሁ።
«ስንዱ እባላለሁ፣ ዳንኩ» ስትል አንዲት ሴት ስታለቅስ፤
ቀጣዩ ቪዲዮ ላይ ያችው ሴት፣ ያው ቀሚስ፣
«ሉባባ ነኝ» ትላለች።
በሽታ ቀይራለች፤
ቀሚሷን ረስታለች።

ማታ በሌላ ስም ለሻጩ ጻፍኩለት፦
— ለግፊትስ ይሆናል?
— ያድናል።
— ለኩላሊት ጠጠር?
— ያድናል።
— ለጨጓራ፣ ለሪህ፣ ለማይወልድ ማህፀን?
— ያድናል፣ እህቴ፤ አድራሻ ይላኩልን።
— የአጎቴ አይሱዙ ዳገት ላይ ይሞቃል…
— ያድናል። ስንት ብልቃጥ? ቅናሹ ያልቃል።

ሳቅሁ። ከዚያ ሳቄ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ፤
ቃሉን ደግሜ ሳነበው ሌላ ፍቺ ነበረ።
ሻጩ አልዋሸም ለካ፤ ያድናል፣ እውነት ነው፤
ዱር አልወረደም እንጂ፣ ጠመንጃም የለው፤
ወጥመዱ ስልክ ነው።
አዳኝ አለ፣ የሚያድን፤
አዳኝ አለ፣ የሚያድን፤
ጽሕፈቱ አንድ ነው፣ ማን ይለይልን?

«ለምን አመንከው?» አልኩት። መሬት መሬት አየ።
«ሐኪሙ ጋ ስገባ ቀና ብሎ አላየኝም፤
ወረቀት ሰጠኝ፣ ‹ቀጣይ!› አለ፣ ስሜንም አልጠራኝም።
ይኼኛው ግን፣ ልጄ፣ ፀሐይ ሳትወጣ
‹እንዴት አደሩ፣ አባቴ?› የሚል መልእክት መጣ።
ሚስቴ ካረፈች ወዲህ
ማን እንዲህ ብሎኝ ያውቃል?»

ዝም አልኩ።
ደሴና ኮምቦልቻ አንድ ቁልቁለት ናቸው፤
እኔ የምደውልለት ግን በዓል ሲመጣ ነው።

አሁን ክኒኑን ይውጣል።
ጠዋት ስደውልለት ጣቱን ወግቶ ቁጥሩን ይነግረኛል፤
አንዳንዴ ይዋሸኛል።
«መቶ ሠላሳ» ሲል፣ አፉ ውስጥ ያለው ሙሽባክ ይሰማኛል።
ባዶው ብልቃጥ ውስጥ ቡሎን ያስቀምጣል።

የሻጩ ሰላምታ ግን አልቆመም፤
ገና ጎህ ሳይቀድ፦ «እንዴት አደሩ፣ አባቴ?»
«ዝጋው እንጂ!» ብለው፣ አጎቴ
መስታወቱን በእጅጌው እየወለወለ፣
«ብር አልላክሁ፣ ዱቄት አልጠጣሁ፣ ምን አለ?
ሰላምታ ነው፣ ልጄ፤
አንቺ እስክትደውዪ ያቆየኛል» አለ።